በቢዝነስ ማኔጅመንትና በቋንቋ ድርብ ዲግሪ፦ ጀርመንኛዬ ገና ቢ1 ነው፣ ልግባበት?

ሦስት_ሳምንት_ቀረኝ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

በቢዝነስ ማኔጅመንትና በቋንቋ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድርብ ዲግሪ ላይ ተቀባይነት አግኝቻለሁ። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ፈረንሳይ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ጀርመን ናቸው። ሲያልቅ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የየራሳቸውን ዲግሪ ይሰጣሉ። እሺ ወይም አይሆንም ብዬ የምመልስበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ፈረንሳይኛዬ ደህና ነው፤ የዴልፍ ቢ2 ፈተና አልፌያለሁ። ጀርመንኛ ላይ ግን ገና ቢ1 ነኝ፤ ከኤ1 እስከ ሲ2 ካሉት ስድስት የቋንቋ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ማለት ነው። ጽሑፍ አንብቤ እረዳለሁ፣ ሰው ፈጠን ብሎ ሲያወራ ግን ግማሹ ያመልጠኛል። ወደ ጀርመን እስክንሻገር ድረስ ቋንቋውን በሳምንት ስድስት ሰዓት ያስተምሩናል። ይበቃል ትላላችሁ? እንቅልፍ የሚነሳኝ ሦስተኛው ዓመት ነው። አካውንቲንግና የንግድ ሕግ በጀርመንኛ ተምሬ በጀርመንኛ ልፈተን ነው። አንድ ትምህርት ብወድቅ ሁለቱም ዲግሪ ነው የሚቀርብኝ? ከሁለት ያጣሁ እንዳልሆን እፈራለሁ።

ሌላው ጥያቄዬ፣ ቀጣሪዎች ይህንን ነገር እንዴት ነው የሚያዩት? ሁለት ዲግሪ ማለት እውነት ሁለት ዲግሪ ነው? ያለፋችሁበት ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ።

ቀጥታ_ልናገር፦

እህቴ፣ እኔ ብሆን አልገባበትም። ማኔጅመንት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ፋይናንሱ፣ ስታትስቲክሱ፣ ሕጉ በምታውቂው ቋንቋም ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ የቋንቋ ሸክም ስትጨምሪበት ሁለቱም እንዳይጎድሉብሽ እሰጋለሁ። አንዱን ዲግሪ በፈረንሳይኛ በደንብ ተማሪ፣ ጀርመንኛውን በጎን ያዢው። ሌላ አገር መማር ከፈለግሽ ደግሞ ኤራስመስ አለ። ከ1987 ጀምሮ ተማሪ እየላከ ያለ ፕሮግራም ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር ሄደሽ ክሬዲትሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ። አንድ ፈተና ቢበላሽብሽ እንኳ ዲግሪሽ ላይ የሚመጣ አደጋ ትንሽ ነው። ይህን የምልሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ ብዬ አይደለም። ጎበዝ ሆነው በቋንቋ ምክንያት መሀል ላይ የተዉ ልጆችን በቅርብ ስለማውቅ ነው።

ሁለቱንም_የጨረስኩ፦

የ«ቀጥታ ልናገር»ን ስጋት አልንቀውም፤ መሀል ላይ የተዉት እኔም አብሬያቸው ተምሬያለሁ። መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። እኔ የጨረስኩት አንቺ የጻፍሽውን ዓይነት ፕሮግራም ነው፤ መጀመሪያ ፈረንሳይ፣ ከዚያ ጀርመን። አንቺ ያለሽበት ቦታ ላይ ሳለሁ የጠየቅኳቸው ሁሉ «ቋንቋው ቀስ በቀስ ይመጣል» ብቻ ነበር መልሳቸው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ሦስተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር፣ የአካውንቲንግ ፈተና። ዘጠና ደቂቃ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ አንድ ማሽን የሚሸጥ ድርጅት ለደንበኞቹ የሁለት ዓመት ዋስትና ሰጥቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ለጥገና 40,000 ዩሮ ገደማ እንደሚያወጣ ይገምታል፤ በዓመቱ መዝጊያ ሂሳብ ላይ አስፍሪው። ጥያቄው ገብቶኛል። በፈረንሳይኛ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራው ነበር፤ «ፕሮቪዝዮን» ይባላል፣ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል፣ ትርፉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባለቤቶቹ ከትርፋቸው ለይተው ድርጅቱ ውስጥ የሚያቆዩት ገንዘብ ደግሞ «ሬዜርቭ» ነው። ሁለቱ ቃላት አይመሳሰሉም፣ ማንም አያምታታቸውም።

ጀርመንኛው ላይ አንዱ «ሩክሽቴሉንግ» ነው፣ ሌላው «ሩክላገ»። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቀለም ይጀምራሉ፤ በቃል በቃል ትርጉምም ሁለቱም «ወደ ኋላ ማስቀመጥ» ናቸው። እኔ ሩክላገ ብዬ ጻፍኩ። ለደንበኞች ጥገና የሚሆነውን 40,000 ዩሮ የባለቤቶቹ ካፒታል አደረግኩት ማለት ነው። ክፋቱ ሁለቱም የሚቀመጡት በሂሳብ ሚዛኑ ቀኝ በኩል መሆኑ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል መጣልኝ። ደምሬ አረጋገጥኩ፣ ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ተሻገርኩ። ትርፉ ግን በ40,000 በልጧል፣ ታክሱ በዚያ ላይ ተሠልቷል፣ የካፒታል ምጣኔውም እንዲሁ። ጀርመን ውስጥ ተማሪ የታረመ ፈተናውን ገብቶ የማየት መብት ስላለው ሄጄ አየሁት። ሩክላገ የምትለዋ ቃል በቀይ ተከብባለች። ከሥሯ ያሉትን ስሌቶች አንድ በአንድ ስከተላቸው የመደመርና የማባዛት ስሕተት የለባቸውም፤ ሁሉም ግን የቆሙት እሷ ላይ ነው። ውጤቴ 5.0 ሆነ፤ ወድቄያለሁ።

ይህንን የምነግርሽ ቢ1 ወይም ቢ2 የሚለው ደረጃ ብቻውን እንደማያድንሽ እንድታዪው ነው። ያን ጊዜ የእኔ ወረቀት ሲ1 ይል ነበር። ጋዜጣ አነብባለሁ፣ እከራከራለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ። የቋንቋ ክፍሉ ያስተማረኝ ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አስተያየት መስጠት ነው፤ ሩክሽቴሉንግን ያስተማረኝ የለም። የቋንቋ መምህሩ የአካውንቲንግ መምህሩ ሥራ ነው ይላል፣ የአካውንቲንግ መምህሩ ደግሞ ታውቂዋለሽ ብሎ ያልፋል። ቃሉ መሀል ላይ ወድቆ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር አወጣሁና ገጹን በሦስት ዓምድ ከፈልኩት። አንደኛው ፈረንሳይኛ፣ ሁለተኛው ጀርመንኛ። ሦስተኛው ላይ ትርጉም አልጻፍኩም፤ ቃሉ በገንዘቡ ላይ ምን እንደሚያደርግ ጻፍኩ። ትርፍን ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? የማን ነው፣ የባለቤቱ ወይስ የሌላ ሰው? መቼ ይጠፋል? እንደዚያ ሲሆን ቃሉን ማምታታት አይቻልም። የሂሳብ ቁጥሮቹንም እዚያው አስገባኋቸው፤ ፈረንሳይ ውስጥ የሂሳብ መደቦች ቁጥር ለሁሉም አንድ ነው፣ 6 ወጪ፣ 7 ገቢ። 4 የሚለው መደብ ደንበኛና አቅራቢ ነው። ጀርመን ውስጥ ብዙ ድርጅት በሚጠቀምበት ኤስካአር 03 በሚባለው ዝርዝር ግን 4 ወጪ ነው፣ 8 ደግሞ ሽያጭ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእጅሽ የለመደ ቁጥር ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቅሻል። ድጋሚ ፈተናውን ያለፍኩት በዚያች ደብተር ነው። አሁንም ሥራ ቦታ መሳቢያዬ ውስጥ አለች።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አንድ ፈተና ብወድቅ ሁለቱም ይቀርብኛል ወይ ላልሽው፣ ሁለቱ አገሮች መውደቅን የሚያዩበት መንገድ የተለያየ ነው። ፈረንሳይ ውጤት ከ20 ነው፣ ማለፊያው 10። ብዙ ቦታ አንዱ ትምህርት ሌላውን ይክሳል፤ ሕግ ላይ 8 ብታመጪና ማርኬቲንግ ላይ 13 ብታመጪ አማካዩ ሊያሳልፍሽ ይችላል። ጀርመን ውስጥ ከ1.0 እስከ 5.0 ነው፤ 1.0 ከሁሉ የላቀው፣ 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ። እዚያ በአብዛኛው እያንዳንዱ ትምህርት ለብቻው መታለፍ አለበት፣ አንዱ ሌላውን አይሸከምም። የመፈተኛ ዕድሉም የተቆጠረ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስት። ሦስተኛውን ግዴታ የሆነ ትምህርት ላይ ከወደቅሽ ከትምህርቱ ትሰናበቻለሽ። በፈረንሳይ ልማድ «ይህችን በማርኬቲንግ አካክሳታለሁ» ብለው ጀርመን የገቡ ልጆች ናቸው የተጎዱት። እኔም አንዷ ነበርኩ።

ስለ ውጤት አለዋወጥ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቂ። የተሻሻለው የባቫርያ ቀመር የሚባል አለ፤ ከውጭ የመጣ ውጤት ወደ ጀርመን ሲለወጥ በሰፊው የሚሠራበት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ 14 ከ20 «ቢያን» ነው፣ መልካም ውጤት። ቀመሩ ውስጥ ስታስገቢው፣ 20 ሲቀነስ 14 ስድስት፣ ሲካፈል ለ10፣ ሲባዛ በ3፣ አንድ ሲደመርበት 2.8 ይሆናል። 2.8 ጀርመን ውስጥ መካከለኛ ውጤት ነው። በዚያ ውጤት ለማስተርስ ብታመለክቺ ብዙ በር ሊዘጋብሽ ይችላል። ጥሩ የተሠሩ ፕሮግራሞች ይህን ስለሚያውቁ የራሳቸው የመለወጫ ሠንጠረዥ አላቸው፤ ለ14 የሚሰጡት የተሻለ ነው። ሠንጠረዡ መኖሩን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቂ። የእኛ ፕሮግራም ሠንጠረዥ ያወጣው እኛ ሁለተኛ ዓመት ከጨረስን በኋላ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው በከንቱ ተጨንቋል።

ሁለት ዲግሪ ስለመሆኑም እንዳትሸወጂ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች አብረው የሚፈርሙበት አንድ ወረቀት ነው፤ የጋራ ዲግሪ ይባላል። ያንቺ ሁለት ወረቀት ነው። የተማርሽው ግን ሁለት ጊዜ አይደለም፤ አውሮፓ ውስጥ የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ኢሲቲኤስ ክሬዲት ነው፣ በአራት ዓመት 240። ያው 240 በሁለቱም በኩል ይቆጠርልሻል፤ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች በሌላው የተማርሽውን እንደ ራሳቸው ይቀበሉታል። ጥቅሙ ያ ነው፤ ፈረንሳይ ስትሄጂ ፈረንሳይ የተማረ ነሽ፣ ጀርመን ስትሄጂ ጀርመን የተማረ ነሽ። ለዲግሪሽ እውቅና ለማግኘት ቢሮ ለቢሮ አትዞሪም።

ጀርመንኛሽን በተመለከተ፣ ስድስት ሰዓቱን እንቁጠረው። ሴሚስተሩ 14 ሳምንት ቢሆን 84 ሰዓት፣ በአራት ሴሚስተር 336። ከቢ1 ተነስቶ ቢ2 ላይ ለመድረስ አያንስም። ንግግር ሲፈጥን ግማሹ ያመልጠኛል ያልሽው ግን ክፍል ውስጥ አይድንም። አብረውሽ ከሚማሩት ጀርመኖች አንዷን ያዢ፤ እሷም ፈረንሳይኛ ያስጨንቃታል። እኔና ጓደኛዬ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት እንቀመጥ ነበር፤ ግማሹን ሰዓት እኔ የማርኬቲንጉን ትምህርት በጀርመንኛ እነግራታለሁ፣ ግማሹን እሷ የሕጉን በፈረንሳይኛ ትነግረኛለች። ወሬ አልነበረም፣ የዕለቱ ትምህርት ነበር። እሷ አላቋረጠችኝም፣ ያልገባትን ብቻ ታስደግመኝ ነበር። የሚያስደግምሽ ሰው ከሚያርምሽ ይበልጣል።

ሦስት_ሳምንት_ቀረኝ፦

እህቴ፣ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሕጉ ትንሽ ጨምሪልኝ፤ እሱን ነው ከሁሉ የምፈራው። ቋንቋው ከባድ ስለሆነ ነው ወይስ ሕጉ ራሱ ስለሚለያይ?

ሁለቱንም_የጨረስኩ፦

ሕጉ ይለያያል፣ እሱ ግን ይጠናል። የሚያስቸግረው አጻጻፉ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የሕግ ጉዳይ ሲሰጥሽ መጀመሪያ ደንቡን ትጽፊያለሽ፣ ቀጥሎ ደንቡን ከተሰጠሽ ታሪክ ጋር ታገናኚዋለሽ፣ ከዚያ ትደመድሚያለሽ። ጀርመን ውስጥ ጉታኽተንሽቲል የሚሉት አጻጻፍ አለ፤ በጥርጣሬ ነው የሚጀመረው። «ሻጩ ከገዢው ክፍያ የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይችላል። ለዚህም ውል መኖር አለበት» ብለሽ ትነሺና እያንዳንዱን ቅድመ ሁኔታ አንድ በአንድ እየመረመርሽ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ መብት አለው» ትያለሽ። ሁለቱ መልሶች አንድ ቦታ ሊደርሱ ይችላሉ። እኔ ግን የመጀመሪያው የቤት ሥራ ላይ ደንቡን አስቀድሜ ጽፌ፣ መልሴም ትክክል ሆኖ፣ ግማሹን ነጥብ አጣሁ። ሰዋስዉም አብሮ ይመጣል፤ ያ «ሊኖረው ይችላል» የሚለው አባባል በጀርመንኛ «ኮንዩንክቲቭ» በሚባለው የግስ ዓይነት ነው የሚጻፈው። ቢ1 ላይ በአብዛኛው እንደ ትሕትና አነጋገር ነው የምታውቂው፣ «ቡና ላዝዝ እችል ይሆን» ለማለት። እዚያ ግን የሕግ መሣሪያ ነው። ከአሁኑ ለምጂው።

የግዥ_ሰው፦

ልጄ፣ የቀጣሪውን ጥያቄ እኔ ልመልስልሽ። ከሁለቱም አገር ዕቃ በሚገዛ ድርጅት ውስጥ የግዥ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ለክፍሉ ሰው ስንቀጥር ቃለ መጠይቁ ላይ እቀመጣለሁ።

ወረቀቱን አንቆጥረውም። ሲቪው ላይ ሁለት ዲግሪ መኖሩ ለቃለ መጠይቅ ያስጠራሻል፣ እዚያ ድረስ ይረዳል። ከዚያ በኋላ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ። የፈረንሳይ አቅራቢ መጋቢት 10 ቀን የተጻፈ ደረሰኝ ልኮልናል፣ በእነሱ ቀን አቆጣጠር። የክፍያ ጊዜው «45 ጁር ፋን ደ ምዋ» ይላል፤ 45 ቀን፣ የወር መጨረሻ። መቼ ነው የምንከፍለው? ቋንቋ ብቻ የተማረው ቃሉን ተርጉሞ ይሰጠኛል። ቢዝነስ ብቻ የተማረው 45 ቀን ይቆጥራል። ሁለቱንም በአንድ ላይ የተማረ ሰው ግን መልሶ ይጠይቀኛል፦ «ውሉ ላይ የትኛው አቆጣጠር ነው የተጻፈው?» ምክንያቱም ሁለት አቆጣጠር አለ። ከደረሰኙ ቀን 45 ቀን ብትቆጥሪ ሚያዝያ 24 ትደርሺያለሽ፣ ከዚያ የወሩ መጨረሻ፣ ሚያዝያ 30። መጀመሪያ ወሩን አጠናቅቀሽ ከመጋቢት 31 ብትነሺ ግን ግንቦት 15 ይሆናል። የአሥራ አምስት ቀን ልዩነት ነው። ትልቅ ግዥ ላይ አሥራ አምስት ቀን ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ በነጋዴዎች መካከል የክፍያ ጊዜ በሕግ የተገደበ ስለሆነ ዘግይተሽ ብትከፍዪ መዘዝ አለው።

አንዴ አንዲት ልጅ ይህን ጥያቄ ጠይቄያት ዝም ብላ ወረቀት ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፈችና ገፋችልኝ። ከዚያ መሀል ላይ ቋንቋ ቀይሬ በጀርመንኛ ለምን እንደሆነ አስረጂኝ አልኳት። ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው፣ አንዳንድ ቃል ይጠፋባታል፣ ግን ትታው አትሄድም፤ በሌላ ቃል ዞራ ትመጣለች። በዚያው ሳምንት ቀጠርናት። እኔ የምፈልገው የሚንበለበል ምላስ አይደለም። አቅራቢው ስልክ ላይ «ይህ እኮ ልማዳችን ነው» ሲላት ልማዱ ምን እንደሆነ የምታውቅ ሰው ነው።

የሥራ ልምምዱን አትናቂው። በሁለቱም አገር አንድ አንድ ልምምድ ሥሪ። ፈረንሳይ ውስጥ ከሁለት ወር የበለጠ ልምምድ ክፍያ ግዴታ ነው፤ ጀርመን ውስጥ በትምህርቱ የታዘዘ ልምምድ ከዝቅተኛው ደመወዝ ሕግ ውጭ ስለሆነ ላይከፈልሽ ይችላል። ገንዘብሽን ስታቅጂ ይህን አስቢበት።

ቀጥታ_ልናገር፦

«ሁለቱንም የጨረስኩ»፣ ቃሌን በከፊል አነሳለሁ። እኔ የማውቃቸው ልጆች ያን ሦስተኛ ዓምድ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ለጠያቂዋ አንድ ነገር ልጨምር፤ የፈረንሳይና የጀርመን ፕሮግራም ከሆነ በፍራንኮ ጀርመን ዩኒቨርሲቲ የሚደገፍ መሆኑን ጠይቂ። የራሱ ካምፓስ የለውም፤ ጽሕፈት ቤቱ ሳርብሩከን ያለ፣ ሁለቱ መንግሥታት በ1997 ዋይማር ላይ በተፈራረሙት ስምምነት የተቋቋመ የዩኒቨርሲቲዎች መረብ ነው። እሱ የሚደግፋቸው ፕሮግራሞች ላይ ያሉ ተማሪዎች በሌላው አገር ለሚያሳልፉት ጊዜ ድጎማ ያገኛሉ። ፕሮግራሞቹንም በየጊዜው ያስገመግማቸዋል፤ የውጤት ሠንጠረዥ የሌለው ፕሮግራም እዚያ ጥያቄ ይነሣበታል ብዬ አስባለሁ።

ሦስት_ሳምንት_ቀረኝ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «የግዥ ሰው»፣ እርስዎ የጻፉትን ለአባቴ አንብቤለታለሁ፤ ወረቀት አንሥቶ ቀኑን ራሱ ቆጠረው።

ትናንት ለፕሮግራሙ ቢሮ ጻፍኩላቸው። አንድ ትምህርት ስንት ጊዜ መፈተን እንደሚቻል፣ ፈረንሳይ ላይ በሌላ ትምህርት የተካሰ ውጤት ጀርመን ላይ እንደታለፈ ይቆጠር እንደሆነ፣ የውጤት ሠንጠረዡ ከተማሪዎች ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ መኖር አለመኖሩን ጠየቅኩ። ዛሬ ጠዋት መለሱልኝ። ሠንጠረዥ አላቸው፣ ልከውልኛል፤ 14 እዚያ ላይ 2.0 ነው። የተካሰ ውጤትም ይታለፍልኛል፣ ግን 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ። ሦስተኛውን ዓመት አንድ ጊዜ መድገም እንደሚቻልም ጽፈውልኛል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

እሺ ልላቸው ነው። ደብተር ገዝቼ የመጀመሪያውን ገጽ በሦስት ዓምድ አስምሬዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሩክሽቴሉንግ አለ፤ ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ትርፍን ይቀንሳል፣ የሌላ ሰው ነው» ብዬ ጽፌያለሁ።